ጃንጥላው የታለ?

ደሞዝ በአምስተኛው ቀን ሲያልቅ፣
መብራት ሄዶ ሊፍቱ መሐል ፎቅ ላይ ሲደርቅ፣
ሙሽራው ደርሶ ሙሽሪት ፀጉር ቤት ስትዘገይ፣
ሚኒባሱ ሞልቶ ሾፌሩ ምሳ ላይ፣
አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይላታል፤ የማይስቅ የለ፦
«ሁሉስ ሆነ... ጃንጥላው የታለ?»

ይቺን ቃል ማን ወለዳት ብዬ ተነሣሁ አንድ ቅዳሜ።
ሥራ ፈት አትበሉኝ፤ ሌላው ዘር ይቆጥራል፣ እኔን ቀልድ ነው ሕመሜ።

ፒያሳ፣ ድሮ ካሴት፣ ዛሬ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው
«የሸዋቀና ናት፣ ሁለተኛው ካሴት» አለኝ፣ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣው።
ቁልቁል በቸርችል ጎዳና፣ ጫማ ጠራጊው ልጅ ሳቀብኝ፣
«የአክስቴ ናት፣ ሰው ሁሉ ሰርቋት!» ብሎ ማለልኝ።
ፖስታ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ደግሞ
አንድ ዳኛ ነው አሉ፤ ፍርድ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ችሎት ላይ ቆሞ።

ሸዋቀና ራሱ አይጠየቅም፤ ሳቁን ትቶልን ሞቷል።
ከቲያትር ቤቱ ኋላ ግን፣ ፓርኪንጉ በር ላይ፣ የሚያውቅ ሰው አለ ተብሏል።

ጋሽ ዳምጠው። ቢጫ ሰደርያ፤ ኪሳቸው ሙሉ ደረሰኝ።
ጥያቄዬን ሰምተው ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ደረስክብኝ» አሉኝ።

«የመድረክ ዕቃ ያዥ ነበርኩ፤ ወንበር፣ ብርጭቆ፣ ሽጉጥ ከእንጨት፣
ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ለሸዋቀና ጃንጥላ፣ በየዕለት።
ሐምሌ ነው። በኋላ በር ብወጣ ጎርፉ ድንጋይ ያንከባልላል፣
አንዲት ሴት በረንዳው ሥር፣ አራስ ልጅ ታቅፋ፣ ከነጠላዋ ውሃ ይወርዳል።
‹እስከ ታክሲው ብቻ› አለች። ሰጠኋት። ‹አሁን እመልሳለሁ› ብላ ሄደች።
ይኸው፣ እየመለሰች ነች።

ሸዋቀና እጁን ወደ መጋረጃው ሰደደ፤ ባዶ። ደግሞ ሰደደ፤ ባዶ።
ዞሮ አየኝ፣ ላቡ በፊቱ ዱቄት ላይ ቦይ ቀዶ።
ያኔ ነው ያላት፤ ለሕዝቡ አይደለም፣ ለእኔ ነው ያለ፦
‹ሁሉስ ሆነ... ጃንጥላው የታለ?›
አዳራሹ በሳቅ ወንበር ሰበረ። የእሱ ደሞዝ ጨመረ።
የእኔማ በዚያው ሳምንት ቀረ።»

ሠላሳ ዓመት! ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ የዘይት ሰልፍ ላይ ሲቆሙ
ከተማው ሁሉ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸው ብቻ ናቸው በቁም ነገር የሚሰሙ።

«መልሱን ለማን ልንገር?» አሉኝ፤ «ቢሰሙት አያስቅ።
ሕፃኑን ዝናብ ነካው ይሆን? እኔ እሱን ነው የማላውቅ።
ዛሬ ያንተን ያህል ይሆናል» አሉ፣ ለአንዲት ቪትዝ ደረሰኝ ቆርጠው።
የሻይ ልሰጥ ስል እጄን መለሱት፣ ጋሽ ዳምጠው።

ወደ አራት ኪሎ ስመለስ ሰማዩ ተቀደደ። ረዳቱ ሳንቲም እያቃጨለ፣
የመጨረሻውን ሰው ጠቅጥቆ፣ «ሁሉስ ሆነ...» አለ።
ሰው ሳቀ። እኔ ልጁን አየሁት፤ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፣
ግማሽ ትከሻው በመስኮት ወጥቷል፤ ዝናቡ ይመታዋል።