በሃያ ሲባዛ

ሐምሌ ላይ ፈጣምን ማንም አይሻገር፤
ማዶ ያለ ዘመድ ሞቶ እስኪቀበር
እኛ እዚህ ዳር ቆመን እናለቅስ ነበር።

አንማው የእናቴ ወንድም፣ ቀርከሃ ሠሪው፣
ወንበሩ ቡሬ ድረስ በጫንቃ የሚዞረው፣
አንድ ማታ ድልድይ ሠራ፣ አንድ ክንድ ርዝመቱ፤
በገበቴ አፍ አጋደመው ከነስንጥር አጥንቱ።
ዘነዘና ጫነበት። ወይ ፍንክች!
ሚስቱ የኔዓለም ሣቀችና ድመቷን ጨመረች፤
ወይ ፍንክች!

«እንግዲህ በሃያ ማባዛት ነው» አለ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
«ለክሩ ገመድ፣ ለስንጥሩ ግንድ ተክቶ፤
ትንሹ ድመት ከቻለ፣ ትልቁ በቅሎን ምን ፈርቶ?»
ማን ይከራከር?
እኔም ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ ሒሳብ የምወድ፤
አንዲት ስሕተት አላየሁም፣
በዚያ ሁሉ ገመድ፣ በዚያ ሁሉ ግንድ።

ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ሌሊት፣ በቅሎ ቀርቶ ወፍ ሳይረግጠው፣
የራሱን ሬሳ እንደ ተሸከመ ሰው ጎበጠ፤
ወገቡ ተቆረጠ።
«ወንዙ ግብር ፈልጎ ነው» አሉ አንዳንዶች በሹክሹክታ።
አንማው ግን ዳሩ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ
«ቀርከሃው ከዳኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም፣ ሌላ ስሞታ።

ዛሬ እንጅባራ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ።
ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ እጽፋለሁ፤
ጉልበቱ፣ አራት መቶ እጥፍ። ክብደቱ፣ ስምንት ሺህ።
አጎቴ ሆይ፣ ቀርከሃው መች ከዳህ?
ጉልበት የሚለካው በተቆረጠው ፊቱ ነው፤ ክብደት ግን በሆድ ዕቃው፤
ሃያ ጊዜ ሲያድግ፣ ሃያ ጊዜ ነው ለራሱ የከበደው።

ጉንዳን ከቤት ክዳን ወድቃ
አቧራዋን አራግፋ መንገዷን ትቀጥላለች፣ ጠንቅቃ።
የይስማው በሬ ከእርከኑ ጫፍ ቢንሸራተት
ቆዳው ብቻ ነው የተረፈለት።
ለእሷ አየሩ ትራስ፣ ለእሱ ምንም።
ከፈጣም ጥግ፣ ውሃው በተኛበት፣
የውሃ ሸረሪት እግሯን ዘርግታ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤
ድልድይ ምን እንደሆነ የት ታውቃለች?
ለእሷ ወለል ነው፣ ለእኛ መቃብር፤
ያው ውሃ፣ ያው ሐምሌ፣ ያው ዳር።

ግን አንድ ንጋት ጎመን ቅጠል ላይ ጤዛ አየሁ፣ ድቡልቡል፤
ቀና ስል ሙሉ ጨረቃ ልትገባ ነው፣ እሷም ድቡልቡል።
ጤዛዋን የሰበሰባት ቆዳዋ፣
ጨረቃን የሰበሰባት ክብደቷ፤
ሁለት ሕግ፣ አንድ ቅርጽ።
ይህን ለክፍሌ ስነግር፣ ስሜነህ እጁን አወጣ፤
«ዘንገናስ ሐይቁ፣ ክብነቱን ከየት አመጣ?»
ደወሉ አዳነኝ።

አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ቀርከሃ ነው፣ የአንማው።
ክር ክርን ይዟል፤ ክሩንም ዓይን የማያየው
ቅንጣት ከቅንጣት ተጨባብጦ።
ያ መጨባበጥ እኔን አያውቅም፣ ስሜን ሰምቶ አያውቅም፤
ግን በተቀመጥኩ ቁጥር ይሸከመኛል፣ አንድ ቀን አልጣለኝም።

በዓመቱ አንማው ሌላ ድልድይ ሠራ፤
ቁጥር የነገረው የለም፣ አማካሪም አልጠራ።
ወንዙ መካከል ካለው ዓለት ላይ ድንጋይ ከመረ፣
ወለሉን አሳሳ፣ ከሥሩ ቅስት አሰረ።
ያንን ትንሹን በምንም አይመስልም።
«ለምን?» አልኩት።
«ያኔ ትንሹን ጠይቄ ለትልቁ ሠራሁ» አለ፣
«አሁን ትልቁን ራሱን ጠየቅሁ።»

በቅሎ ያልፍበታል፤ ሰርገኛም፣ ለቅሶኛም።
ትንሹ ድልድይ ክፍሌ መስኮት ላይ ነው፣ ከሥሩ ወንዝም የለም።
ትናንት አንዲት ጉንዳን ስትሻገርበት አየሁ።
ከብርጭቆዬ የተንጠባጠበች አንዲት ጠብታ ነበረች ከታች።
ጉንዳኗ ወገቡ ላይ ስትደርስ፣
ቆም ብላ አየቻት።