ትርንጎ ማን ናት?

ማራኪ ግቢ ነው፤ ሌሊቱ ገፍቷል፣
መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል።
የስልሳ ተማሪ ኮድ ከፍቼ ሳነብ፣
ጥያቄው ቀላል ነው፦ የአንድ ሱቅ ሒሳብ፣
ሰባት ቀን ደምሮ ትርፉን መናገር፤
አንድ ሉፕ ነው ሥራው፣ አሥራ ሁለት መስመር።

የመጀመሪያው ልጅ ድምሩን «ትርንጎ» ብሎታል፤
ስም ነው፣ ምን ቸገረኝ፣ ይሠራል።
ሉፑ ግን ስድስት ቀን ዞሮ ቆሟል።
ሁለተኛው፦ ትርንጎ። ዘጠነኛው፦ ትርንጎ።
አንድ ብልጥ ብቻ ቀይሯታል፣ «ብርቱካን» አድርጎ።
ሃያ ሦስት ትርንጎ ቆጠርኩ እስኪነጋ፤
ሃያ ሦስት ጎበዝ ባንዲት ሴት ተጠጋ።

ውባንተ፣ የቢሮ ጓደኛዬ፣ «ሌባ የሚለይ ፕሮግራም አለ፤
ጫኚው፣ ዜሮሽን ስጪ፣ ተገላገይ» አለ።

እኔ ግን የአባቴን ጉባኤ አሰብኩ፣ አዘዞ፣
ተማሪው በማለዳ የዕለት ቅኔውን ይዞ።
እዚያ «ዘረፈ» ሲባል፣ ያልተባለ ነገር ከልቡ አወጣ ነው፤
እዚህ «ዘረፈ» ሲባል፣ የጓደኛውን ፍላሽ ሰካ ነው።
አባቴ አይገርፍም። «ፍታው» ነው የሚለው።
የሰው ቅኔ ያመጣ፣ ጉሮሮው ላይ ይቀራል የሰረቀው።

ሰኞ፣ ቾክ በእጄ፣ አንድ በአንድ አስነሣሁ፤
«ትርንጎ ማን ናት?» አልኩ፤ ጠበቅሁ።
«ቫሪያብል ናት።» «ኢንቲጀር ናት፣ መሰለኝ።»
«ፍራፍሬ» ያለም አለ፤ ክፍሉ ሲስቅ ሳቄ አመለጠኝ።

ከመስኮቱ ጥግ ይርሳው ተነሣ፣ ጆሮው ቀልቶ።
«እናቴ ናት።
አራዳ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤
ማታ ማታ ሒሳቧን እኔ ነኝ የምደምረው።
እሑድ አትሸጥም፤ ቀሃ ኢየሱስ ታስቀድሳለች፤
ሉፑ ለዚያ ነው ስድስት ላይ የሚቆመው።
ፍላሼን ሰጠሁ እንጂ፣ ቲቸር፣
እናቴን አልሰጠሁም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ።
ለካ ያ ሁሉ ልጅ፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም ሳይቀር፣
ከትርንጎ ጋር ቀሃ ኢየሱስ አስቀድሶ ነበር።

ሰሌዳውን አጥፍቼ አዲስ ሥራ ጻፍኩ፦
«ከየቤታችሁ የአንድ ሰው ሒሳብ ያዙ፤
ስሙን፣ የሚሸጠውን፣ የሚያርፍበትን ቀን።
ዓርብ እየቆማችሁ እኔ ፊት ትፈቱታላችሁ።»
ዜሮውንም አልማርኩም። ይርሳው ራሱ ግማሹን አጣ።

ማታ በሬ ተንኳኳ፤ «ብርቱካን» ያለው ልጅ መጣ፣
ዓይኑን ሰብሮ።
«ቲቸር፣ ስሙ የእናቴ ነው፤ ሌላው የይርሳው ነው፣ ገልብጫለሁ።
እናቴ ግን እሑድም ሱቋን ትከፍታለች።
ሰባት ልበለው?»

ወንበር ሳብኩለት።
«ፍታው።»