ግራ ይስታል

የአባቴ ሽጉጥ ግራ ይስታል፤ ይህን ሰፈር ሁሉ ያውቃል፤
ከሂርማታ እስከ ቆጪ ስሙ ሲነሳ ሰው ይስቃል።
ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የቡና መጋዘን ጠብቆ
የመታው ነገር ቢኖር የጎረቤት ቆርቆሮ ነው፣ እሱም ርቆ።

ሲሞት ወደ እኔ ዞረ፤ ፈቃዱም በስሜ ታደሰ፤
ጸሐፊው ማኅተም ሲመታ
«ያው ግራ ነው?» ብሎኝ፣ ሳቁን በመዳፉ አበሰ።

ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ጉጥ ናት፤
ዓይን ኢላማ የሚይዝባት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብረት፤
ትንሽ ወደ ቀኝ ተንጋዳለች።
አጂፕ በታች፣ ጠመንጃ ጠጋኙን ጋሽ ዘይኑን ብጠይቀው
«አሮጌዋን ነቅዬ፣ አዲስ ተክዬ፣ ሁለት ሺህ ነው።»
ለምስር ፍሬ ሁለት ሺህ!

እኔኮ አናጢ ነኝ። ቀረሮን በዓይኔ የምለካ፣
ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማወጣ፣ ሚስማር ሳልነካ።
ብረትስ ቢሆን ምንድን ነው? ትንሽ የጠነከረ እንጨት።
ይህን ያልኩት ሰኞ ማታ፣ ሞረዴን ይዤ፣ በኩራት።

ጥይቱን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ ባዶነቱን ሁለቴ አየሁ፤
ሞርሳው እንዳይፍቀው ብዬ በበግ ቆዳ ጠቅልዬ አጠበቅሁ።
ሞረድኩ። ለካሁ። ሞረድኩ። አዲሷን በመዶሻ ነካ ነካ አደረግሁ፤
አልገባ አለች፤ ጥቂት ሞረድኩ፤ ገባች። ብቻዬን ሳቅሁ።
ጣቴን ሳሳርፍባት ግን፣ እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ
ትነቃነቃለች፤ ከቦይዋ አትወጣ፣ ከቦይዋ አትደርስ።

እንጨት ይቅር ይላል። አብዝተህ ብትልገው ማታ፣
ውሃ ስታጠጣው ያብጣል፤ ክፍተቱን ይሞላል በዝግታ።
ብረት ግን ቂመኛ ነው፤ ፀጉር ያህል ከሰረቅከው፣
ብትነግረው፣ ብትለምነው፣ ጉድለቱን ያሳይሃል፣ ሳትጠይቀው።

ሐሙስ፣ ገበያተኛው ሲበዛ፣ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልዬ
አዌቱን ተሻገርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ጥግ ጥጉን ተከትዬ።
ጋሽ ዘይኑ መለኪያ አልፈለገም፤ ጥፍሩን ሰደደ በስንጥቁ።
«ማን ሞረደው?»
«ሌላ ሰው» አልኩ። ዓይኖቹ በመነጽሩ ሥር ሳቁ።
«አሁንማ ብየዳ አለበት። አራት ሺህ። ተቀመጥ እስኪ።»

ተቀመጥኩ። ወደ ግራ ሄድኩ።
ግድግዳውን ይዤ ተረፍኩ።
ጎንበስ ብዬ ሳይ በርጩማው አንድ እግሩ ተሰብሮ ኖሮ፣
በብሎን፣ በሽቦ ታስሯል፤ ከላዩ ደግሞ ቆርቆሮ።
እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል እንደ ደረቀ ወንዝ።
«ጋሽ ዘይኑ፣ ይህን ማን ጠገነው?»
ሞረዱን አነሳ፣ አስቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሌላ ሰው።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ እስኪያስለው ድረስ።

«ይህን እግር ካቀናህልኝ፣ ያቺን ጉጥ እተክልልሃለሁ፤
ብርህ ለልጆችህ ይሁን» አለኝ።
«እሺ» አልኩት፣ «አቀናለሁ።»
እሱ ወደ ሞርሳው ዞረ፤ እኔ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ፤
ካቻቢቴው የእሱ፣ እጁ የእኔ፣
ዝገቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁ።

«የሻሚል ልጅ» አለኝ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«አባትህ አላስነካኝም እኮ፤ ሁልጊዜ እለምነው ነበር።
በነፃ ላቅናልህ አልኩት፤ ሁለቴ፤ በወዳጅነት።
'ተወው ዘይኑ' አለኝ፤ 'ሌባውም የእናት ልጅ ነው፤ ይሳት።'»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ።
ከውጭ አንድ ሰው በግ ሲያስማማ ይሰማል፤ ባጃጅ ይጮሃል።
ጋሽ ዘይኑ አላየኝም፤ ግን እጁ መልስ ይጠብቃል።

በርጩማውን ተሸክሜ ወጣሁ።
ሽጉጡን ሞርሳው ላይ ተውኩት፣ እንደተነከሰ።
እግሩ ለቅዳሜ ይደርሳል፤ ዋንዛ አለኝ፣ የደረቀ።
ሌላውን እንጃ።