ለጊዜው ተዘግቷል

የጋሽ በዳሶን ባርኔጣ ነፋስ ነጥቆት በረረ፤
አስፋልቱን አቋርጦ፣ ከባጃጅ ጎማ ሥር ሊገባ ሲል ቀረ።
ሮጬ አነሣሁት፤ አቧራውን አራግፌ ሰጠሁት።
«ይኸው ማስረጃዬ!» አለ፤ «የነጠቀኝን አየኸው? እኔስ አላየሁት።
ግን አለ።
እሱም እንዲሁ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ኖረ፤ ጡረታው ገና ዓምና ነው።
ሲሟገት ዛሬም ጣቱን ይልሳል፣ ገጽ እንደሚገልጥ ሰው።

የኔ ሥራ ደግሞ ከአዳማ በላይ፣ ከጉብታው፣ ከነጮቹ ማማዎች ሥር፣
የነፋስን ፍጥነት በየዐሥር ደቂቃው እየመዘገቡ ማደር።
«ጋሼ፣ ነፋስ ሜትር አለው» አልኩት። «ሲነሣ ቁጥሩ ይነሣል፤
ሲተኛ ዜሮ ይላል፤ ‹የለም› ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ያምነኛል።
ያንተውስ? በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው መሣሪያ
ዜሮ ቢነበብ ነው ‹የለም› የምትለው? ስጠኝ መለያ።»

ዝም አለ።
ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ አለፈ፤ ፈረሱ ዓይኑን ከአቧራው ከድኖ፣
መንገዱን ግን አልሳተም፤ ልማዱን ይሁን ጌታውን ተማምኖ።

«ዲንቄ ስትታመም» አለ ቆይቶ፣ «ስለት ተስያለሁ፤
ዳነች። የጎን አልጋዋ እናትም ተስላ ነበር፤
ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።
ሁለታችንን ባንድ ችሎት ቢያቆሙን፣ ቃላችን ይጋጫል።
እኔ ዳኛ ብሆን፣ እንጃ…
ብዕሬ ይደርቃል።»

እንዲህ ሲል ጊዜ እኔም የሸሸግኩትን አወጣሁት።
ባለፈው ጥር፣ አንድ ሌሊት፣ ስክሪኑን ዜሮ ላይ አገኘሁት፤
ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስኪነጋ። ውጭ ግን ክንፎቹ ጨለማውን ሲከትፉት ሰማሁት።
«ነፋስ የለም» አልጻፍኩም፤
«መሣሪያው ታሟል» ብዬ ፈረምኩት።

ክንፉ ባይኖርስ? ድምፁ ባይሰማ? ዜሮዋ ብቻ ብትቀር በእጄ፣
የታመመው መሣሪያው ነው፣ ወይስ የሌለው ነፋሱ? በምን ልፈርድ፣ ወዳጄ?

ጋሽ በዳሶ ሳቀ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘና፣
«ማስረጃ ሲጎድል፣ እኛ ቤት የሚጻፍ ቃል አለ» አለና፣
ለቀቅ አድርጎ ጣቱን ላሰ፤ አየሩ ላይ የሌለ ገጽ ገለጠ፦
«መዝገቡ ለጊዜው ተዘግቷል፤
የማንቀሳቀስ መብት እንደተጠበቀ።»

«መብቱ ለማን?» አልኩት። «ለማን?»
ነፋሱ መሃላችን ገባ፤
አልተሰማማን።