አርባ ክፍለ ጊዜ

ሃቺኖሄ ወደብ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣
ከልብስ እጥበቱ በላይ ነን፣ እንፋሎቱ በሚወጣበት።
ጠረጴዛው በስስ ሰሌዳ ተከፍሏል እንደ ጋጣ፤
በግራ አንድ ልጅ፣ በቀኝ አንድ ልጅ፣ መሐል እኔ፣
ሰማንያ ደቂቃ እስኪወጣ።

ነጭ ጋዋን ያለብሱናል፤
«ወላጅ ሲያየው ይታመናል» ይሉናል።
እኔ ግን የዓሣ ሀብት ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት፣
ኪሴ ቀይ እስክርቢቶና የከረመ የአውቶቡስ ደረሰኝ አለበት።

ማፉዩ ትባላለች፣ በቀኜ የምትቀመጠው፤
ሒሳብ አይደለም የሚያስቸግራት፣ አንዲት ሰረዝ ናት የምትጥለው።
ቁጥር እኩል ይሆናልን ሲሻገር ወደ ማዶ፣
ደማሪው ቀናሽ፣ ቀናሹ ደማሪ መሆኑን ትረሳና
መልሷ ይቀራል ባዶ።
«ድንበር ነው» አልኳት፣ «ማንም እንደ መጣ አያልፍበትም።
አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት፤ ከዚያ በላይ አይፈጅብሽም።»

አቶ ሳሳሞሪ፣ ኃላፊያችን፣ ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ሰቅሏል፤
በየስማችን ፊት የሚሞላ ሣጥን ተሰልፏል።
«የበረዶው ወራት ኮርስ፣ ለአንድ ልጅ አርባ ክፍለ ጊዜ፤
ከዚያ በታች አልቀበልም። ማዘን የጀማሪ ነው አባዜ።»

እናቷ መጣች በምሽት፣ ከፋብሪካው ፈረቃ በኋላ፣
የስኩዊድ ሆድ ዕቃ ሲዘረግፍ የዋለ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ።
ወረቀቱን አላየችም። ጋዋኔን አየች፣
«እርስዎ ምን ይላሉ መምህር፣ ያስፈልጋታል?» አለች።
አቶ ሳሳሞሪ ጉሮሮውን ጠረገ።
«አምስት ቀን» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ቆሞ መሻገሪያ ፈለገ፤
ተሻገረም። ግን ከከንፈሬ ማዶ፣ ምልክቱን ቀይሮ፣
«ያስፈልጋታል» ሆኖ ወጣ፣ የጨዋ ሰው ድምፅ ተበድሮ።

ከቦርሳዋ ማኅተም አወጣች፣ ከትንሿ ጣቷ የማይበልጥ፣
እፍ አለችበት፣ ጥርት ብሎ እንዲቀመጥ።
ቀይ ክብ።
የእኔ ሣጥን ሞላ።

በስድስተኛው ቀን ሰረዟ ቦታዋን ያዘች።
በዘጠነኛው ማፉዩ የምሰጣትን ሁሉ ጨርሳ
በመስኮቱ በረዶ መቁጠር ጀመረች።
ሠላሳ አንድ ቀረን። መዝገቡ ላይ «ክለሳ» እላለሁ፣
በማግስቱ «የክለሳው ክለሳ»፤ ከሥሩ እፈርማለሁ።

ትናንት ደብተሯን ወደ እኔ ገፋችው።
«ይህን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ያርሙልኝ።» በእርሳስ ነው የጻፈችው፦

አንዲት ሴት በሰዓት አንድ ሺህ ሃምሳ የን ይከፈላታል።
አንድ መቶ ሃያ ስድስት ሺህ የን ዕዳ አለባት።
ዕዳው ዜሮ እስኪሆን ስንት ሰዓት መቆም ይገባታል?

ከሥሩ ሠርታዋለች። ቀናሹን ዕዳ
በድንበሩ አሻግራ፣ ደማሪ አድርጋ ከማዶ አውርዳ፣
አካፍላ፣ አጣርታ፣ መልሱን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፦
አንድ መቶ ሃያ ሰዓት።
ፊቴን አላየችም። የእርሳሷን ጫፍ ታያለች።

ስሕተት ፈለግሁ።
አንዲት የወደቀች ሰረዝ፣ አንዲት የተዘለለች ዜሮ።
የለም።
በእኛ አገር ትክክለኛ መልስ ይከበባል በቀይ፤
እጅጌዬን ሰብስቤ ከበብኩት፣
እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳታይ።

በግራዬ ታይጋ እጁን አወጣ፤
«መምህር፣ የእኔን አላዩትም።»
ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረን ነበር።