እዚህ የት ነው?

አባቴ ከጀልባው ጠርዝ ተንሸራቶ፣ ዳሌው መጋቢት ላይ ተሰበረ፤
ትምህርቴን አንጠልጥዬ መጣሁ፤ ቤቱም ሕመሙም እኔ ላይ ቀረ።
ሌሙይ ትባላለች ደሴታችን፤ ዝናቧ ፈቃድ አይጠይቅም፣
ኢንተርኔቷ ግን ይለመናል፤ ተለምኖ መጥቶም አይዘልቅም።
ከዶሮው ቤት ጀርባ፣ ከድንች ጆንያው ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው
አንድ መስመር ሲግናል ብልጭ የሚለው፣ እሱም ነፋስ ካልወሰደው።

ኮምፒውተሬ ቫልዲቪያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የጥግ ክፍል፤
እኔ እዚህ ከዶሮ ጋር፣ እሱ እዚያ ብቻውን ሲያሰላስል።
የሁለት ዓመት ልፋቴ አለ በሆዱ፦ የዛጎል ናሙና፣ የባሕር ሙቀት፣
ባሕሩ መቼ መርዝ እንደሚቋጥር የሚተነብይ ስሌት።
አባቴ ይስቃል፦ «ባሕርን በሣጥን? እኔ ቀምሼ ነው የማውቀው» ይላል፤
በቅምሻ የሄደ ወንድሙን ግን ሳያነሳው ያልፋል።

ማታ፣ መድኃኒቱን ውጦ ሲተኛ፣ የዚያን ማዶ በር አንኳኳለሁ።
የይለፍ ቃሌን እሰጣለሁ፤
በሩ ግን መች በአንድ ቃል ይረታል?
ስድስት አኃዝ በስልኬ ይልካል፤ «መልሰሽ ንገሪኝ» ይላል፤
በራሱ አፍ የነገረኝን ከእኔ አፍ ሊሰማ ይሻል።
ከዚያ ይከፈታል፦ ዴስክቶፔ፣ ያው እንደተውኩት፣
«በኋላ» ብዬ የሰየምኩት ፋይል፣ ያው እንዳስቀመጥኩት።
እጄን እዚህ ሳንቀሳቅስ ቀስቷ እዚያ ትነሳለች፣
እያነከሰች፣ እየቆመች፣ እንደ አሮጊት በግ ትከተላለች።

በአራተኛው ሌሊት፣ ስሌቱ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ፣
ድርግም። ዶሮዎቹ ነቁ፣ እኔ በስድብ ሰማዩን ሳርስ።
ጠዋት ኢግናሲያ ታበራልኛለች፤ ማን እንዳጠፋው እሷም አታውቅ፤
ስሌቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ እኔም ከዜሮ፣ ዓይኔ እስኪደርቅ።
ማታ ደግሞ ድርግም። በሦስተኛው ገባኝ፦ ነፋስ ሰዓት አያከብርም፤
አራት ከሃያ ሲል የሚያጠፋ የሰው ጣት እንጂ ነፋስ አይደለም።
ለቴክኒክ ክፍሉ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ፤ ደግሞ ሙዚቃ፤
ካርዴ አለቀ፣ እዚያ ማዶ አንድም ሰው ሳይነቃ።

ባዶ ገጽ ከፈትኩ፤ ፊደሉን አሳደግኩት ስክሪኑን እስኪሞላ፦
«እባክዎ አያጥፉት። እዚህ ነኝ።» ጻፍኩና ጠበቅኩ፤ ምን ላድርግ ሌላ?
አራት ከሃያ። ሃያ አንድ። እጄን ከጉልበቴ አላነሳሁ፤
ከጽሑፌ ሥር አንድ ፊደል በቀለ፤ ደግሞ አንድ፤ መተንፈስ ረሳሁ።
በአንድ ጣት የሚጽፍ ሰው ነው፣ ፊደሉን በዓይኑ የሚያድን፤
«እዚህ የት ነው?» አለኝ። «ወንበሩ ባዶ ነው፤ አየሁት እኮ አሁን።»

ምን ልበል? ከዶሮ ቤት ጀርባ? ከባሕር ማዶ? ከሽቦው ውስጥ?
እግሬ ጭቃ ላይ፣ ጣቴ እዚያ፤ የቱ ነኝ እኔ ሲመረጥ?
«ሚያራይ ነኝ፣ ከሌሙይ።»
«ሌሙይ! እናቴ የኬዮን ናት፣ ከማዶ፤
ኤሊሴዮ እባላለሁ፣ ጽዳት ነኝ። አጥፋ ተብያለሁ ክፍሉ ሲሆን ባዶ።
ቀስቷ ብቻዋን ስትሄድ አይቼ፣ ይቅርታ፣ አማትቤ ነቀልኩ፤
ያባረርኩት መንፈስ እንጂ ተማሪ መሆኑን መች አወቅኩ?»

ስሌቱ ይሄዳል፤ ከሥሩ እናወራለን፤ እሱ መጥረጊያውን አስደግፎ።
«ዝናብ አለ?» «አለ።» «እዚህም፤ ወንዙ ገበያው ደርሷል ድንበሩን አልፎ።
ሰማያዊ ሹራብ አለ፤ የአንቺ ነው?» ረስቼው ነበር።
«አዎ።» «አቧራውን አራግፌ መልሼዋለሁ ከወንበር።»
ከባሕር ማዶ ሹራቤ ሲራገፍ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ፤
(እንዲህ ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኝ ነበር፤ ይኸው እኔንም አገኘኝ።)

ዘጠና ሰባት። ዘጠና ዘጠኝ። አባቴ ከውስጥ ሳለ።
መቶ። ፋይሉን ወደ እኔ ጎትቼ «አሁን» ብዬ ሰየምኩት፤
አባቴ የሚቀምስበትን ዳርቻ ቀይ ሆኖ አገኘሁት።
ነገ እነግረዋለሁ፤ ይስቅ ይሆናል፤ ላይስቅም ይችላል።
«ደህና ይደሩ» አልኩ። «ደህና እደሪ።» ቀስቷ ቆማለች፤ ዝናቡ ይዘንባል።
ጣቴ መዝጊያው ላይ ሳለ፣ አንድ ፊደል በቀለ፤
ደግሞ አንድ፤ በፍለጋ፦
«ላጥፋው? ወይስ ይቆይ እስኪነጋ?»