በእንየው ደረትና በእንየው እጅ መካከል

ደንበጫ ሆስፒታል፣ ከኋላ ያለው ክፍል፤
ነሐሴ ቆርቆሮውን በዝናብ ሲያቃጭል፣
አንዷን ከደረቱ ለጠፍኳት በፕላስተር፣
አንዷን ከእጁ አንጓ አሰርኳት እንደ ማተብ ክር።
ከጥፍር የማትበልጡ፣ ገመድ የሌላችሁ፣
በሉ እስቲ፣ አልኳቸው፣ አውጉ እርስ በርሳችሁ።

ጋሽ እንየው ነው ስሙ። እኛም እንየው አልን፤
ልቡ ምቱን የት እንደሚስት ልናውቅ ፈለግን።

ቀን ደህና ዋሉ። ሌሊት ግን ሲተኛ፣
በጎኑ ሲገለበጥ ያ ትልቅ ዋናተኛ፣
እጁ ከጀርባው ስር ገብቶ ሲደበቅ፣
ደረት ይጣራል፤ አንጓው ግን አያውቅ።
ጥርሱ እንደ ረገፈ እንደ አሮጌ ሚዶ፣
ባዶ፣ ጥቂት ቁጥር፣ ደግሞ ሌላ ባዶ።

«ምን ነክቶት ነው?» አለኝ። «ምንም፤ ውኃዎ ነው።
ሰው ሲባል ሲጨመቅ ከግማሹ በላይ ወንዝ ነው።
ሞገዷ ስስ ናት፤ ሥጋዎን ላቋርጥ ስትል ሰጠመች።»
ሳቀ። ደረቱ ላይ ያለችው ሳቁን ለቀመች።

ድልድዩ ሳይሠራ፣ አሥር ክረምት ሙሉ፣
በእንየው ትከሻ ነው የተሻገርን ይላሉ፤
ፖስተኛ ከነከረጢቱ፣ ነጋዴ ከነጓዙ፣
አራስ ከነልጇ፣ ባለሙግት ከነመዘዙ።

«ተምጫ ሲሞላኮ» አለኝ፣ «ድምፅ እንኳ አይሻገር፤
ያገሳል፣ ይበላዋል የሰውን ንግግር።
ታዲያ ከመሃል፣ ከቋጥኙ ላይ አንድ ሰው ይቆማል፤
ከወዲህ የሰማውን ለወዲያ ያቀብላል።»
ጣቱን አነሣና፣ አንገቱ ስር፣ አጥንቱ ጉብ ካለበት፣
«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «አንድ ሰው አቁሚበት።»

ሦስተኛዋን እዚያው ለጠፍኳት፤ ከደረት ተቀብላ
ለእጅ አቀበለች፣ ቃል ሳትጥል፣ ቃል ሳትበላ።

በዚያች ሌሊት መስመሩ የትም አልተበጠሰ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን አንዳች ነገር ደረሰ፦
እጁ ነው የቀደመው፤ ጨበጠ፣ ጨበጠ፣
ልቡ ከኋላው ደርሶ ጋለበ፣ ረገጠ፤
እጁ ላላ።
ልቡ ግን እስኪነጋ አልተቀመጠ።

ሲነጋ ወረቀቱን ዘርግቼ አሳየሁት፣
«እዚህች ጋ ምን ሆኑ?» ብዬም ጠየቅሁት።
መስመሩን በጣቱ ሄደበት፤ ቆመ።
ያን ሁሉ ያሻገረ ሰው፣ አንዲት ነጥብ ላይ ደከመ።
«የፍልሰታ ለት ነው። አንዲት ልጅ። ከእጄ ሾለከች» አለና
መስኮቱን አየ፤ ዝናቡ አላባራም ገና።

«ይኸ ማሽን ስሟንም ይናገራል ወይ፣ ልጄ?»
«ቁጥር ብቻ ነው፣ ጋሼ።»
«እንግዲያ ስሟ ይቆይ ከእጄ።»